የአሥራ አንድ ቀን ወረፋ

ወንድሜ በዓመት አንድ ጊዜ ዓለምን ይዞራል። ዓለም ስላችሁ ሐውልትና ሙዚየም እንዳይመስላችሁ። የእሱ ዓለም መዝናኛ ፓርክ ብቻ ነው፤ ሰው ወንበር ላይ ታስሮ ሽቅብ የሚጎተትበት፣ ከዚያ እየጮኸ ቁልቁል የሚወረወርበት ቦታ። ሮለር ኮስተር ይሉታል። ወንድሜ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጠጉሩ ከመሃል ሳስቷል፣ ሥራው የሕንፃ ሊፍት መጠገን ነው። ዓመቱን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲያወጣና ሲያወርድ ይከርምና ፈቃዱ ሲደርስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። በአሥራ አንድ ቀን አምስት አገር፣ ሰባት ፓርክ። የተሳፈረባቸውን ባቡሮች እየቆጠረ በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ዘንድሮ አምስት መቶኛውን ሊሞላ ነበር።

ገና ልጆች ሳለን አባታችን እሱን «ጥይት»፣ እኔን «ቃሪያ» ብሎ ስም አወጣልን። ሁለታችንም ስማችንን አላሳፈርንም።

አባባ አልጋ ላይ ከዋለ አራት ዓመቱ ነው። አእምሮው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ይሄዳል። የማገላብጠው እኔ፣ የማጥበው እኔ፣ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን እሱ ክፍል አስገብቼ አንድ እግሬን ፔዳሉ ላይ፣ አንድ ጆሮዬን እሱ ላይ አድርጌ እውላለሁ። ጥይት በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል። ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ነው?» ይላል፣ ብርቱካን ያስቀምጣል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ሊፍት ተበላሸ ይባላል፣ ይሄዳል። እኛ ከተማ እሁድ እሁድ የማይበላሽ ሊፍት የለም።

ባለፈው ዓመት ቀኝ ዓይኔን ሞራ ጋረደው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ፤ ይባስ ብሎ የአንዲት ሙሽራን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል አለኝ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ወር መጎንበስ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም። አባባ ሰባ ሁለት ኪሎ ነው። ቀጠሮው ካመለጠኝ ደግሞ ቀጣዩ ከስምንት ወር በኋላ ነው፣ የግራውም ከአሁኑ መጨለም ጀምሯል። ስለዚህ ከወንድሜ የምፈልገው አንድ ወር ነበር። አንድ ወር፣ አባቱ አጠገብ። ይህንን ልነግረው አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ አምስቱንም ጊዜ ሊፍት ውስጥ ነበር።

በስድስተኛው አነሳና ገና አፌን ሳልከፍት «እትዬ፣ አንቺ እኮ የሚያስፈልግሽ እረፍት ነው። ለምን ዘንድሮ ከኔ ጋር አትሄጂም?» አለኝ። አፌን ለማስያዝ ነው። በየዓመቱ ይጋብዘኛል፣ በየዓመቱ እምቢ እንደምል ያውቃል።

«እሄዳለሁ» አልኩት።

«እ... ጥሩ ነው» አለ።

አባባን ጎረቤታችን ያለችው ጡረተኛ ነርስ ተቀበለችኝ። «እስከ እሁድ ስድስት ሰዓት» አለችኝ ጣቷን ቀስራ። «ልጄ ልትወልድ ነው፣ አውቶቡሴ አይጠብቀኝም። ከስድስት ሰዓት በኋላ የለሁም።» እኔ ደግሞ በልቤ፣ አሥራ አንድ ቀን አብረን ስንውል መቼስ አንድ ሰዓት ይሰማኛል አልኩ። እነዚያ ቦታዎች ሁለት ሰዓት ያሰልፋሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ወረፋ ላይ የቆመ ሰው የት ያመልጣል?

ሞኝ ነበርኩ። ለካ በየባቡሩ ብቻቸውን ለመጡ ሰዎች የተለየ በር አለ። የተረፈ ክፍት ወንበር ሲገኝ ከማያውቁት ሰው ጎን ይወሽቋቸዋል፤ ወረፋው አጭር ነው። ጥይት ከዚያ በር ሌላ አያውቅም። በረኛው ጣቱን አውጥቶ «ብቻህን ነህ?» ሲለው፣ እኔ ከጀርባው ቆሜ እስትንፋሴ ማጅራቱን እየነካው «ብቻዬን ነኝ» ይላል። የመጀመሪያው ፓርክ ላይ ሳቅሁ። ሦስተኛው ላይ ደሜ ፈላ። እህትና ወንድም ዓለምን ስንዞር እኔ ዓይኑን ጨፍኖ ከሚጸልይ ወፍራም ሰውዬ ጎን፣ ጫማዬ ላይ ካስመለሰች ኮረዳ ጎን ተቀመጥኩ። ከወንድሜ ጎን ግን አልተቀመጥኩም።

በቀረው ሰዓት ይሮጣል። ቁርሱን ቆሞ ይበላል፣ አውሮፕላን ላይ ዓይኑን ሸፍኖ ይተኛል፣ ታክሲ ውስጥ በተሰባበረ ቋንቋ ከሾፌሩ ጋር ያወራል። አንድ ኤርፖርት ውስጥ የቦርሳው ዚፕ ተበጥሶ የውስጥ ሱሪው ሳይቀር ወለሉ ላይ ተበተነ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት።

«ተረቱን ቤትሽ ተርቺው። አሁን ልቀሚ፣ አውሮፕላኑ ያመልጠናል።»

ለቀምኩ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የማፍርበት።

አራተኛው ፓርክ አጠገብ ባለው ሆቴላችን ሻወር ሲገባ ጠበቅሁና በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዓይኔን፣ ከጉዞው መልስ ሰኞ ያለብኝን ኦፕራሲዮን፣ አንድ ወሩን። ውሃውን ከፈተው። ሲወጣ «እንዴ፣ የሆነ ነገር ስትዪ ነበር?» አለኝና ፎጣውን ራሱ ላይ ጣል አደረገ።

በዘጠነኛው ቀን ግን እግዜር ለኔ አደላ። ስድስተኛው ፓርክ ላይ በሩን የምትጠብቀው ሴት ሁለት ክፍት ወንበር አንድ ላይ አግኝታ እኔንና ጥይትን ጎን ለጎን ወረወረችን። ብረቱ ጭናችን ላይ ወረደ። ባቡሩ እየተንቋቋ ሽቅብ ወጣ፣ ጫፍ ሊደርስ ሲል ገጭ ብሎ ቆመ። በድምፅ ማጉያ ታገሡን አሉ።

«የሰንሰለቱ ሴንሰር ነው» አለ ጥይት በባለሙያ ኩራት። «ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።» ከዚያ ዞር ሲል እኔን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ሰኞ ዓይኔን ኦፕራሲዮን እደረጋለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ነግረሽኛል።»

«መቼ?»

«ሻወር ቤት...» አለና ምላሱን ነከሰ።

ሰምቷል ማለት ነው። ውሃውን የከፈተው ሰምቶ ነው።

«አንድ ወር አባባ ጋ ትሆናለህ» አልኩት።

«ሰው እንቅጠራ።»

«ሦስት ሰው ቀጥሬ ነበር። አንዷን በጥፊ አላት፣ ሁለቱ የእሷን ጉንጭ አይተው ሄዱ። ባዳ አያስነካም።»

«እትዬ፣ እኔ አልችልም። እንደዚያ ሆኖ ላየው አልችልም በቃ። እኔ የማውቀው ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሲሮጥ ነው።»

«እኔስ ችዬ ነው የማየው? እኔማ ጭራሽ ባንድ ዓይን ነው የማየው!»

«አንቺ ለምደሽዋል» አለኝ።

ለምደሽዋል። አራት ዓመት ወገቤ ሲቆረጥ፣ እጄ ሳሙና ሳሙና ሲል፣ ይሄ ሰውዬ ለመደችው ብሎ ነው በሰላም እንቅልፉን ሲተኛ የኖረው። ጠላሁት። ከአንድ ማኅፀን የወጣሁትን ሰው ከልቤ ጠላሁት። በዕድሜዬ ሰው ገፍቼ መጣል ያማረኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያ ጭኑ ላይ የወረደው ብረት አተረፈው።

«እንግዲያው ስማ» አልኩት። «ነርሷ እሁድ በስድስት ሰዓት ቁልፉን ለሰፈራችን ባለሱቅ ሰጥታ ትሄዳለች። እኔ ከኤርፖርት ቀጥታ ሆስፒታል ነው የምገባው። ቤት አልሄድም።»

«እሁድ እኮ ሰባተኛው ፓርክ ነው! አምስት መቶኛዬን የምሞላው እዚያ ነው።»

«ምረጣ።»

ሳቀ። የምሬን ነው፣ ሳቀ። «አባባን ጥለሽ? አንቺ? አታደርጊውም። አውቅሻለሁ እኮ።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እሱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጮኸ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ። ከባቡሩ እንደወረድን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ቅዳሜ ኤርፖርት ስንለያይ «ሰኞ ማታ እደውልልሻለሁ፣ አባባን ሳሚልኝ» ብሎኝ ወደ በሩ ሮጠ።

ሆስፒታሉ ከቤታችን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እሁድ ጠዋት ገባሁ፣ ከኋላ የሚታሰር ጋውን አለበሱኝ፣ አልጋ ሰጡኝ። ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሰዓት ሳይ ዋልኩ። ስድስት ሰዓት እንዳለፈ ለነርሷ ደወልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ናት።

«አብልቼዋለሁ፣ ቁልፉንም ሰጥቻለሁ» አለችኝ።

«የመጣ ሰው አለ?»

«እኔ እስክወጣ ማንም አልመጣም። ምነው፣ አንቺ የለሽም እንዴ?»

ዘጋሁት። የጥይት ስልክ ዝግ ነው፤ ወደ ቤት ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ። አባባ ጥማቱን የሚናገረው ከንፈሩን በማንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ካላዩት አይሰማም። መጀመሪያ ጥይትን ረገምኩት፣ ቀጥዬ ራሴን። አውቅሻለሁ ያለው እኮ እውነቱን ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ጋውኑን አውልቄ ቀሚሴን ለበስኩ። የክፍሉ ነርስ «ቀጠሮሽን ለሌላ እንሰጠዋለን» አለችኝ፤ ስጡት አልኳት። አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ፣ በሌላው ባዶ እግሬን ሆኜ ለመጨረሻ ጊዜ ደወልኩ።

ተነሳ።

«አንቺ አረመኔ!» ጥይት ነው፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። «አንቺ አውሬ! ብቻውን ነበር እኮ! ብቻውን ትተሽው!»

አልጋው ላይ ዘፍ አልኩ።

«አሁን አጠገቡ ነህ?»

«ታዲያ የት ልሁን? አንሶላው ርሷል። ንጹሕ አንሶላ የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከታች።»

«በጥፊ አለኝ።»

«ቀድመህ ቀኝ እጁን ያዘው፣ ከዚያ ነው የምታገላብጠው።»

«ሁለተኛ ይቅር አልልሽም፣ ሰምተሻል? ከመንገድ መልሰሽ አምስት መቶኛዬን ነው ያስጣልሽኝ። አንድ ወር እቀመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዓይንሽን እንዳላየው!»

«አንድ ወር ይበቃኛል።»

ከበስተኋላው የአባባ ድምፅ ይሰማኛል፣ ይጣራል። ጥይት እንደገና ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር።

«አላወቀኝም እትዬ። ልጅህ ነኝ፣ ጥይት ነኝ እለዋለሁ፤ እሱ ግን ቃሪያ፣ ቃሪያ ነው የሚለኝ። አሥር ጊዜ ነገርኩት። ምን ልበለው?»

«አቤት በለው» አልኩት። «እኔ አራት ዓመት ሙሉ ጥይት እያለ ሲጠራኝ፣ አቤት ስል ነው የኖርኩት።»