የአያት ስም

የሺሀረግ የሾርባ ማንኪያ እንደያዘች ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ፋና ናት። ልጇ በሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ማንኪያውን ለባልደረባዋ ለቅድስት አቀበለችና ከአረጋውያኑ መመገቢያ ክፍል ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ ማሚ። የአያቴ አባት ማን ነው የሚባለው?"

"ቂርቆስ። ምነው?"

ፋና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አንክል ቸሩ ወረቀቱ ላይ ላስት ኔሙ ቂርቆስ ነው?" አለች።

"አዎ። ስደተኛ ጣቢያ ሳለ በአያቱ ስም መዘገቡት፣ እዚህም በዚያው ቀረ። እኔ ደረሰ፣ እሱ ቂርቆስ። ለወረቀቱ የአንድ አባት ልጆች አይደለንም። ምን አደረገ?"

"ምንም ልነግርሽ አልችልም። እሱ ጋም እንዳትደውዪ፣ ፕሊስ። ይሄ ኬዝ ላይ መሥራት አልችልም፣ ለአለቃዬ፣ ለቦሴ መናገር አለብኝ።"

የሺሀረግ ግድግዳውን ተደገፈች። ፋና ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ፣ በየአገሩ ቢሮ ባለው ትልቅ የጠበቆች ድርጅት ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። ድርጅቱ የሚቆመው ለትላልቅ ኩባንያዎች ነው። ወንድሟ ቸሩ ያለው ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ነው። ነገሩ ሳይነገራት ገባት፤ የልጇ ድርጅት የቆመው በወንድሟ ላይ ነው።

"ፋንዬ፣ ዝም በይ! አንቺ በአባትሽ ስም ነሽ። ማን ያገናኛችኋል?"

"እኔ አውቀዋለሁ፣ ማሚ።"

ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሺሀረግ በሐሳቧ ልጇን ስንት ጊዜ ከሥራ እንዳባረረቻት እግዜር ይወቅ። አልጋ ስታነጥፍ አባረረቻት። ፎጣ ስታጣጥፍ የጥብቅና ፈቃዷን አስነጠቀቻት። ቅድስት ፊቷን አይታ ጠየቀቻት።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

"ልጄ ልትባረር ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው አልተባረረችም። አንቺኮ ባለፈው በረዶ ሲጥል፣ ስልክ አላነሳችም ብለሽ ቀብረሻት ነበር።"

ፈረቃዋ ሲያልቅ መልእክት መጣ። "ዛሬ በጊዜ ወጣሁ። መጥተሽ ውሰጂኝ።"

በጊዜ! ጀምበር ሳትጠልቅ ከዚያ ሕንፃ ወጥታ የማታውቅ ልጅ! የሺሀረግ የአረጋውያኑ ቤት ካለበት ከኩን ራፒድስ ተነስታ መሀል ከተማ እስክትደርስ አንዴ እመቤታችንን ስትለምን፣ አንዴ ፊቷ ያለውን መኪና ስትሳደብ ነዳች። ከሕንፃው ደጃፍ ስትደርስ ፋና ካርቶን ታቅፋ ቆማለች። ይህን ካርቶን የሺሀረግ በፊልም አይታዋለች። ሰው ከሥራ ሲባረር የሚታቀፈው ነው።

"አላልኩሽም?" አለች ገና በሩ ሲከፈት። "ዝም በይ አላልኩሽም?"

"ማሚ፣ ሳንድዊች ነው።"

"ምን?"

"ከስብሰባ የተረፈ ሳንድዊች። አልተባረርኩም።" ፋና ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። "ቦሴ ‘ፋይሉን ሳትከፍቺ መናገርሽ ጥሩ ነው’ አለችና ኬዙን ለሌላ ሰው ሰጠችው። በቃ።"

"በቃ?"

"በቃ። የከበደኝ ስማችንን ማስረዳት ነው። እናትሽና ወንድሟ ለምን ላስት ኔማቸው ተለያየ ብላ ደጋግማ ስትጠይቀኝ፣ በመጨረሻ የዘር ሐረጋችንን ሣልኩላት።"

የሺሀረግ መሪውን እንደያዘች ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ እንባ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ሲነፋባት ነው የተንቀሳቀሰችው።

ብዙም ሳይርቁ የመኪናው ስክሪን ላይ የቸሩ ስም በራ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በስፒከር አንስታ ሁሉም ይሰማ ነበር። ፋና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የሺሀረግ ወደ ነዳጅ ማደያ ታጠፈችና ስልኩን ይዛ ብርዱ ላይ ወረደች። በሩንም ዘጋችው።

"የሺዬ፣ ፋና አለች? ጭነት የማመላልስለት ኩባንያ ከሰሰኝ..."

"ጠበቃ ይዘሃል?"

"ይዣለሁ፣ ደህና ሰው ነው። ግን ፋናም ብታየው ብዬ..."

"ፋና አታየውም። እኔም አልሰማሁህም። የክሱን ነገር ለጠበቃህ ንገረው። እሑድ መጥተህ ምሳ ብላ።"

"ምን ሆነሻል? አንቺ ሁሉን ካልሰማሁ ባይ አልነበርሽም?"

"ዛሬ ጆሮዬን አሞኛል።"

ስትመለስ ፋና ዓይን ዓይኗን አየቻት።

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው።" የሺሀረግ ቀበቶዋን አሰረች። ምሳዋን እንዳልበላች አሁን ገና ትዝ አላት።

"እስቲ ያን ካርቶን ክፈቺው።"