ቀጭኑ ድምፅ

"ይኸው! ይኸው እየጮኸ!" አለ ታምራት እጁን እያወናጨፈ። "ደስታ፣ ምን ነካህ? አለፍከው እኮ!"

ደስታ የወርቅ መፈለጊያ ማሽኑን ክብ ሳህን ከመሬት ሳያርቅ ቆመ። ጓሮው ውስጥ ከፓፓያው ሥር ታምራት ሦስት ነገር ቀብሮለታል፤ ሚስማር፣ የሰንሰለት ቁራጭና የደስታ ሚስት ሐረገወይን ከእናቷ የወረሰችውን ጠገራ ብር። ሚስማሩንና ሰንሰለቱን ወዲያው አገኛቸው። ብሩን ግን ሲሄድም ሲመለስም አለፈው።

ታምራት የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። አሊዩ አምባ አካባቢ አንድ ገበሬ ሲያርስ የድሮ ብር አገኘ የሚል ወሬ ሰምቶ ነው ማሽኑን ያስመጣው። ብሩን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ታምራት ግን ወሬ ከሰማ እግሩ አያርፍም። ጓደኛው ደስታ የሚነዳው ሚኒባስ ከቆመ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ስለተቀመጠ፣ አብረን እንሞክር ብሎት መጣ።

"ስክሪን የለውም፤ ሁሉም ነገር በጆሮ ነው" ሲል እንደገና አስረዳው። "ብረት ከሆነ ያጉረመርማል። ብር ወይም ወርቅ ከሆነ ደግሞ ቀጭን ድምፅ ያወጣል።"

"ማጉረምረሙን ሰምቻለሁ። ቀጭን የምትለው ግን የለም። ሸውደውሃል!"

ሐረገወይን ልብስ እያሰጣች ነበር። "ኧረ እኔ እዚህ ሆኜ ጆሮዬን እየበሳው ነው" አለች እየሳቀች።

ሁለቱ ተመሳጥረው የሚቀልዱበት መስሎት ደስታ ተናደደ። የማሽኑን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ሳህኑን ታምራት በጣቱ ባሳየው ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገው። ምንም የለም። ማዳመጫውን አውልቆ ለሐረገወይን ሰጣት። ገና ጆሮዋን ሲነካት ደንግጣ አሽቀንጥራ ጣለችው። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

"ደስታ" አለች ቀስ ብላ፣ "ስልክህ ሲጠራ እኮ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምነግርህ።"

ደስታ ወዲያው ትዝ ያለው ባጃጅ ነጂው ፈይሰል ነው። ባለፈው ሳምንት ተሳፋሪ ሊያወርድ ወደ መንገዱ ዳር ሲታጠፍ፣ በጎኑ የመጣውን የፈይሰልን ባጃጅ ገጭቷል። የልጁ እግር ተሰበረ፤ ባጃጁም ተጨራመተ። ፈይሰል መሬት ላይ ተጋድሞ "ወላሂ ክላክስ አድርጌያለሁ! ደጋግሜ አድርጌያለሁ!" እያለ ሲጮህ፣ ደስታ በሰው ሁሉ ፊት "ውሸታም! አላደረገም!" አለው። በካራቆሬ መስመር ያረጀ፣ የሚከበር ሹፌር ስለሆነ ሰውም እሱን አመነ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ነገ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ደስታም ይህንኑ ቃሉን በመሐላ ሊደግም ነው።

"የባጃጅ ክላክስም ቀጭን ነው" አለ።

ታምራት ወዲያው ገባው። "በቃ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ጓሮ አይውጣ። መንጃ ፈቃድህን ነጥቀው ቤት ነው የሚያስቀምጡህ። ነገ 'አልሰማሁም' በል። ውሸት የለበትም፤ አልሰማህማ!"

"እኔ ያልኩት 'አላደረገም' ነው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ልጁን ውሸታም አድርጌዋለሁ።"

ሐረገወይን ዓይኗን ከመሬት አልነቀለችም። "ልጆቻችንስ ደስታ? ከመንዳት ሌላ ምን ታውቃለህ?"

ደስታ ፈራ፤ በረሃውን ሁሉ በሌሊት ሲነዳ እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ምናልባት ማሽኑ ይሆናል የተበላሸው እያለ ራሱን ሊያታልል እየሞከረ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ጥላ ሥር ተራውን የሚጠብቅ ባጃጅ አገኘ።

"ወንድሜ፣ ጀርባዬን ስሰጥህ ክላክስ አድርግልኝ።"

ነጂው ከእግር እስከ ራሱ አየው። የፈይሰልን ጉዳይ ያልሰማ ባጃጅ ነጂ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የለም። "ላድርግ ጋሼ ደስታ? ኋላ 'አላደረገም' እንዳይሉኝ!"

ደስታ ስድቡን ዋጥ አደረገው። ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈ፤ እሱን ጥርት አድርጎ ሰማው። ጠበቀ። ልጁ እያሾፈብኝ ነው ብሎ ሊዞር ሲል፣ ፊት ለፊቱ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ቀና አለች። አስፋልቱን ሊሻገር የነበረ ሰውዬ እግሩን መለሰ። አንዲት ፍየል እንኳ ዘላ ገለል አለች። ሁሉም የሚያዩት ከእሱ ኋላ ነው። ደስታ የሰማው የገዛ ትንፋሹን ብቻ ነበር።

ቀስ ብሎ ዞረ። ነጂው እጁን ከክላክሱ ላይ አላነሳም፤ ፊቱ ላይ የነበረው ማሾፍ ግን ጠፍቷል።

ደስታ ሄዶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ፈይሰል ቤት ውሰደኝ" አለ።

ነጂው ሞተሩን አስነስቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ አንድ ነገር ተናገረ። ደስታ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ውስጥ አየው። እንደ ሌላው ጊዜ ቢሆን እንደሰማ ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፈው ነበር።

"ወደ እኔ ዞረህ ተናገር" አለው። "ጆሮዬ አይሰማም።"