ያልተዋጠችው ክኒን

ሲስተር በሕፃናት ክፍል ሠላሳ ዓመት ስትሠራ ክኒን የተፋባት ልጅ አንድም የለም። ይህን የምትናገረው ራሷ ናት፤ ያውም ሳትጠየቅ። ጉሮሮ አሻሽታ፣ ፊት ላይ እፍ ብላ ታስውጣለች፤ ከዚያ «አፍ ክፈት፣ ምላስ አንሣ» ብላ በዓይኗ ካላየች የመድኃኒት ቅጹ ላይ አትፈርምም። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ አንዲት እፍኝ የማትሞላ ድመት ያዋረደቻት።

ነገሩ የጀመረው ሶፋው ላይ ነው። ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏ ትራሱ ላይ ሩዝ የሚመስል ነገር አየና፣ ምሳውን ያንጠባጠበው እሱ መስሎት ሳይታይበት ሊለቅም ሲል ሩዙ ተንቀሳቀሰ። የእንስሳት ሐኪሙ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው አለና ለውሻውም ለድመቷም በኪሏቸው ልክ ክኒን ሰጠ። ስንቱን አይቶ ነው መሰል፣ ለድመቷ ሁለት መጠባበቂያ ጨመረላት። ውሻው የእሱን ከነመጠቅለያ ወረቀቱ ዋጠው።

አፉ የማያርፈው ባሏ ይህንኑ ለልጃቸው በስልክ ዘከዘከላት። ልጅቷ ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።

«እማዬ፣ ነገ ስመጣ ድመቷ መድኃኒቷን ካልወሰደች፣ ሕፃኑን ይዤ አማቴ ቤት ነው የምሰነብተው» አለች።

ለሲስተር የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው! ያቺ አማት ታቅፋው ፎቶ ስትልክላት ታያትና ደሟ ፈላ።

ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ ክኒኑን ምላሷ ላይ ወደ ኋላ ገፋችላት፤ ጉሮሮዋን አሻሸች፤ እፍ አለችባት። ድመቷ ከንፈሯን ልሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«አየህ?» አለች ሲስተር ባሏን።

ድመቷ ሶፋ ሥር ገብታ እንትፍ አለችው። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ።

ሁለተኛው ተፈጭቶ ወተት ውስጥ ገባ። አንዴ ቀመሰችውና ምሬቱ አፏን አረፋ በአረፋ አደረገው። ባሏ «ገደልሻት!» ብሎ ወንበር ላይ ወጣ፤ ለምን እንደወጣ እሱም አያውቅም። አንድ ክኒን ቀረ።

ሲስተር እንደ ልማዷ ማቀዝቀዣው ላይ ቅጽ ለጥፋለች፦ ቀን፣ ሕመምተኛ፣ መጠን፣ ፊርማ።

«ፈርሚና ተገላገይ። ድመት እንደሁ አትመሰክርብሽ!» አላት ባሏ።

«ሳላይ አልፈርምም!»

በማግስቱ ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ ገባች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ቅጹን አየች። ፊርማ አለበት።

«ወሰደች ማለት ነው?»

«እንዴታ!» አለ አባት፣ ማንም ሳይቀድመው።

ከሕፃኑ ፎጣ ውስጥ አንዲት ቀይ ተረከዝ ብቅ ብላለች። ሲስተር ራሷን አንዴ በአዎንታ ብትነቀንቅ ያቺ ተረከዝ የእሷ ናት። ምራቋን ዋጠች።

«አልወሰደችም፤ ፊርማው የአባትሽ ነው» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ልጅቷ ቅጹን ደግማ አየች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቋን ልትይዝ አልቻለችም።

«እማዬ፣ እኔም እኮ ልጅ ሳለሁ አልውጥም ነበር።»

«ምኑን?»

«ክኒኑን ነዋ። ምላሴን ሳነሣልሽ ክኒኑ ከላይኛው ከንፈሬ ሥር ነበር። በኋላ አበባ መትከያው ውስጥ እቀብረው ነበር። አባዬ ያውቃል።»

ባል ጣሪያውን መመርመር ያዘ። ሲስተር ሠላሳ ዓመት የፈረመችባቸው ቅጾች ተራ በተራ መጡባት። ስንቱ ከንፈር፣ ስንቱ አበባ!

«እስኪ ያዥልኝ» አለችና ልጅቷ ሕፃኑን እቅፏ ላይ አኖረችላት። የመጨረሻውን ክኒን ቁራጭ ሥጋ ውስጥ ወትፋ ለውሻው «እንካ፣ የእኔ ጌታ» ብላ ዘረጋች። ድመቷ ቅናቷ ተነሣ፤ ከሶፋ ሥር ተወርውራ ወጣችና ከውሻው አፍንጫ ሥር መንጭቃ ሰለቀጠችው።

«ዋጠች! ነይ እይ እንጂ እማዬ፣ አፏን ልክፈትልሽ?»

ሲስተር ቀና አላለችም።

«እሽሽ» አለች፤ «እንቅልፍ ወስዶታል።»