መቶ ሲቀነስ ሰባት

"እግርሽን ግጠሚና ዓይንሽን ጨፍኚ" አለች ሶሬቲ።

ነፃነት ግቢው መካከል ቆመች። እናቷ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከኋላዋ ሆነው፣ የሚወድቅ እንስራ ሊቀበሉ እንደተዘጋጁ ሁሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል።

ነፃነት ቀለም ቀቢ ናት። ባለፈው ሳምንት ወሰን ሰፈር በሚሠራው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቷ ተብረክርኮ ከመወጣጫው ወርዳለች። ነገ አራተኛው ፎቅ ይጠብቃታል። ፎርማኑ ጉደታ "ደግመሽ ከወረድሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ" ብሏታል። ሥነ ልቦና የምትማረው ጎረቤታቸው ሶሬቲ ደግሞ ለመመረቂያዋ የምታጠናው ሰው ሚዛኑን ጠብቆ እንዴት እንደሚቆም ነውና "እስቲ ልይሽ" አለቻት።

"አሁን አንዳች ነገር ወደ ኋላ እየሳበሽ ነው" አለች ሶሬቲ ድምፅዋን አለስልሳ። "ቀስ እያለ... ልትወድቂ ነው።"

ነፃነት እንደ ባሕር ዛፍ ጫፍ ተወዛወዘች። ሙሉጌጥ አፈፍ አደረጓት።

"ብያለሁ፤ ይቺ ልጅ አንድ ቀን ጉድ ታደርገኛለች።"

"ቆይ እትዬ። ነፃነት፣ አሁን ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ።"

"ሒሳብማ ከመወጣጫው ይብሳል።"

ቢሆንም ጀመረች። "ዘጠና ሦስት... ሰማንያ ስድስት... ሰባ ዘጠኝ..." ሶሬቲ ያንኑ "ልትወድቂ ነው" ደጋገመችባት። ልጅቷ ግንባሯን ቋጥራ ቁጥሯን ቀጠለች፤ እንደ ምሰሶ ቆመች።

"እግርሽ ደህና ነው" አለች ሶሬቲ። "ቃል ቶሎ ውስጡ ገብቶ ሰውነቱን የሚያዘው ሰው አለ፤ አንቺ ከነሱ ነሽ። ሐሳብሽ ሥራ ሲይዝ ግን ቃሉ መግቢያ አጣ። ለመሆኑ ያን ቀን ማን ምን ብሎሽ ነበር?"

ነፃነት እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየች።

ሙሉጌጥ ግን አልጠፋቸውም። ያን ቀን ምሳዋን ሊያደርሱ ሄደው፣ ከሥር አንጋጠው "ልጄ፣ ልትወድቂ ነው፤ ኧረ ውረጂ" ሲሉ ነበር። ዳዴ ካለችበት ጊዜ ጀምሮ ያንኑ ሲሏት ኖረዋል።

"እኔ ነኝ ያልኳት" አሉ።

"ታዲያ ማን ሊል ኖሯል እማዬ" ነፃነት ሳቀች። "ጉደታማ 'የቀጠርኩት አንቺን ነው እናትሽን?' ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ።"

በማግስቱ ጠዋት ሙሉጌጥ እስከ ውጭው በር ሸኟት። "እንዳትወድቂ" የሚለው ቃል ምላሳቸው ላይ ደርሶ ዋጡት።

"መቶ ሲቀነስ ሰባት?" አሉ።

"ዘጠና ሦስት።"

"በይ ቀጥይ።"

ቀን ቀን ራሳቸው የሚያደርሱትን ምሳ ዕቃ በእጇ አስያዟትና በሩን ዘጉ።