የቀማሹ አንዲት ቃል

ክፉ ያልሆነ ሰው የሚወደውን ንጉሥ በገዛ እጁ እንዴት መርዝ ያጠጣል?

ጥያቄው የእትዬ ሙሉነሽ የልጅ ልጅ የጽጌ ነበር። እሷ ጠይቃ ወደ ስልኳ ተመለሰች፤ አያቷን ግን እንደ ጥርስ ሕመም ይዟቸው አረፈደ። ለመጨነቅ ምክንያት አጥተው የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። የታንከሩ ውሃ መጥፋት፣ በቲካ መንገድ የሚበርሩት ማታቱ የሚባሉ ታክሲዎች፣ የልጂቱ መክሳት ይበቃቸው ነበር። አሁን ደግሞ ንጉሥ ተጨመረባቸው።

ጽጌ ፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ቤቷ ለውድድር አንድ የጥንት የትራጄዲ ቲያትር ያዘጋጃል፤ እሷም የንጉሡን መጠጥ ቀማሽ ሆና ትጫወታለች። አማካሪዎቹ ንጉሡን ሊገድሉ ያሤራሉ። ቀማሹን ግን ውጋ አይሉትም፣ እነቅም አይሉትም። የመርዙን ማርከሻ አስቀድመው ያጠጡታል፤ እሱ ከጽዋው አንዴ ፉት ብሎ «ደህና ነው» ይላል። ያቺን ብቻ።

«ቲቸር ካራክተሩን አልያዝሽውም አለችኝ» አለች ጽጌ፣ የመለማመጃዋን የፕላስቲክ ኩባያ በጣቷ እያሽከረከረች። «ለምን ደህና ነው እንዳለ ካልገባኝ እንዴት አክት አደርገዋለሁ?»

«ምን የሚገባ ነገር አለው! ጽዋውን ፊታቸው ላይ አይደፋውም?»

«ልጁን ይዘውበታላ፣ እማማ።»

«ቢይዙበትስ? ሰው እኮ እግዚአብሔርን ይፈራል!»

«አንቺ ብትሆኚ ትደፊው ነበር?»

«ተናግረው ሳይጨርሱ ነዋ!»

«ሳዋ ሳዋ፣ እሺ በቃ» አለች ጽጌ እየሳቀች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ወንድም ክብረት ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ የአራት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ እያለከለከ ገባ። ክብረት የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነው፤ ማኅተሙም ያለው እሱ ዘንድ ነው። ጽጌ ኩባያዋን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ወደ መኝታቸው ገባች። እትዬ ሙሉነሽ ሻይና ማንዳዚ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ አቀረቡ፤ ማንዳዚው የትናንት መሆኑ አሳሰባቸው።

«የጸሎት ርዕስ ይዘን ነው የመጣነው» አለ ክብረት።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሐሜት የለም። ሐሜት ኃጢአት ነው። የጸሎት ርዕስ ግን ሁልጊዜ አለ።

«ስለ ፓስተር ታመነ እንጸልይ። ሥልጣን እየወደደ ነው» አሉ ጋሽ ሐብታሙ፣ ከሽማግሌነት ወንበራቸው ለአሥራ አራት ዓመት ያልተነሡት።

«ምን አደረገ?»

«ሽማግሌዎች በየሦስት ዓመቱ ይመረጡ አለ።»

«ወይ ጉድ!» አለ ሦስተኛው፣ ደረጃው ላይ ሲያወሩት እንዳልመጡ ሁሉ።

እትዬ ሙሉነሽ መቀነታቸውን ነካኩ። የጽጌ እናት የሞተች ቀን ከሆስፒታል አስከሬኗን ያስወጣው ታመነ ነበር። ለስደተኛ መታወቂያ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አብሯቸው የተሰለፈውም እሱ ነው።

«ጥሩ ሰው ነው እኮ...» ብለው ጀመሩ።

«ስለምንወደው እኮ ነው፣ እናታችን!» አለ ክብረት። «ነገ ከስብከቱ በኋላ በጉባኤው ፊት እንነግረዋለን። አስቀድሞ ከሰማ ይጨነቃል፣ እናዝንለት። እትዬ ሙሉነሽ አሉበት ከተባለ ሕዝቡ ጸጥ ይላል። ፊርማ አንልዎትም፣ ንግግርም አንልዎትም። አብረውን ይጸልዩ ብቻ።» ከዚያ ማንዳዚውን እየቆረሰ፣ «ለጽጌ ስኮላርሺፕ የድጋፍ ደብዳቤዋን ሰኞ ማኅተም አደርግበታለሁ። ሰኞ አይደል የሚዘጋው?» አለ።

ሰኞ ነበር። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሣቸው ሰኞ።

ክብረት ዓይኑን ጨፈነ። «ጌታ ሆይ፣ ባሪያህ ታመነ ደክሟል። ከነገ ጀምሮ ከመድረኩ አውርደህ ዕረፍት ስጠው። በአንድ ልብ የተስማማን ሁላችን፣ በኢየሱስ ስም...»

«አሜን!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ።

አርባ ዓመት የለመደ አፍ ነው፤ ጸሎት ሲያልቅ ባለቤቱን አይጠይቅም። ድምፃቸው ከሦስቱም ወንዶች ቀደመ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ክብረት ደብተሩን ከፍቶ «አራተኛ፣ እትዬ ሙሉነሽ» ብሎ እየጻፈ ነበር። በሽማግሌዎቹ ዘንድ እጅ ማውጣት የሚባል ነገር የለም፤ አሜን ያለ ተስማምቷል። ምንጣፉም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ የወጣቶቹ ከበሮ መከልከሉም በአሜን ነው ያለፈው። ይህን እትዬ ሙሉነሽ አሳምረው ያውቃሉ።

ቆይ፣ አፌ ነው ያመለጠኝ፣ ማለት ይቻል ነበር። የክብረት እስክሪብቶ ለአፍታ ቆም ብሎ ጠበቃቸው።

«ማንዳዚው አልደረቀባችሁም?» አሉ።

«ኧረ ለስላሳ ነው፣ ጌታ ይባርክዎት!»

እንግዶቹ ከሄዱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያነሡት።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ ፓስተር ታመነ። «ሽማግሌዎቹን ከእርስዎ ሕንፃ ሲወጡ ከጃፈር ሱቅ ሆኜ አየኋቸው። ብጠራቸው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። ነገ የታሰበ ነገር አለ እንዴ? ካለ ዛሬውኑ ቤታቸው ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። ሌላ ሰው አልጠይቅም፤ እርስዎ ደህና ነው ካሉኝ ይበቃኛል።»

መጋረጃው ተገለጠ። ጽጌ ኩባያዋን እንደያዘች ቆማለች።

እትዬ ሙሉነሽ ልጂቱን አዩ። ሹል ክርኗን፣ ቁመቷ ጥሎት የሄደውን ቀሚሷን አዩ። ሰኞን አዩ።

«ኧረ ደህና ነው፣ ልጄ» አሉ። «ጸልየው ሄዱ።»

መጸለያቸውስ እውነት ነበር።

«ተመስገን! አሳረፉኝ» አለ ታመነ፤ ስልኩም ተዘጋ።

«እንግዲህ ደብዳቤሽ ሰኞ...» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ጽጌ ኩባያውን ከሽማግሌዎቹ የሻይ ብርጭቆዎች መሃል አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች።

«ወዴት ነው? ደመናውን አታዪውም? ጽጌ! እሺ ሹራብሽን እንኳ ልበሺ!»

ልጂቱ በሩን ከፈተች፤ ደረጃውን ወርዳ ወደ ጃፈር ሱቅ አመራች።