የካዝና ሰባሪው ሚስት

ገበየሁ ከሰንበት ወዲህ እህል አልቀመሰም። በጎታውና በግድግዳው መሀል ቁጢጥ ብሎ፣ «ሳሩ ተኛ?» ይላል። ያዳምጥና ደግሞ፣ «ሳሩ ተኛ?»

ሚስቱ እታለማሁ ይህ የሌባ አፍ፣ ሌቦች የሚግባቡበት የምስጢር ቋንቋ መሆኑ አልጠፋትም። ሰውየው በደርግ ጊዜ የነጋዴ ካዝና ሲሰብር ኖሮ፣ ታስሮ ተፈትቶ ነው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ገበሬ የሆነ። ሲያገባት፣ «ያን አፍህን ደጅ ጥለኸው ግባ» አለችው፤ ጥሎት ኖረ። ዛሬ እርጅና አማርኛውንም አገውኛውንም ወስዶ ያን ውዳቂ ተወለት።

«ተኝቷል» ብትለው ጭራሽ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ።

ጎረቤቷን ሸጋን አጠገቡ አስቀምጣ፣ በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ከተማ ወረደች። የጥንት ግብረ አበሩ ወገኔ እዚያ ከሰል ይሸጣል። ደጇን አስረግጣው አታውቅም።

«እትዬ፣ እርስዎም በእግርዎ ወደ ሌባ ቤት?»

«ለወግ አልመጣሁም። ሳሩ ተኛ ሲል ምን ተብሎ ይመለስለታል?»

ወገኔ የከሰሉን ጆንያ ለቀቀ። «ካዝናዋን ላም እንላት ነበር፤ መስበሩን ማለብ። እሱ ውስጥ ሲያልብ እኔ ደጅ እጠብቃለሁ። ሲጨርስ ይጠይቀኛል፤ መልሱን ሳይሰማ አይወጣም።»

«ተኝቷል ብዬዋለሁ።»

«ውይ እትዬ፣ እሱማ ፖሊስ ይዞኛል ማለት ነው። ‹ጠል የለውም› ነው የሚባል፤ ደጁ ሰላም ነው፣ ውጣ ማለት ነው።»

«በዚህ ነበር የምትኮሩት? ከብት እንኳ ከናንተ ይሻላል።»

«እውነትዎን ነው። እኔው ልምጣና ልበለው?»

«ባሌ ነው። እኔ እለዋለሁ።»

ቤቷ ስትደርስ ሸጋን አሰናበተች። ያን አፍ ሰው ፊት አታወጣውም። ተንበረከከችና በጆሮው፣ «ጠል የለውም» አለችው።

ገበየሁ ቀና አለ። ፊቱ ፈታ አለ። እጁን ሰጣት፤ ከዚያ ስርቻ ስባ አወጣችው፣ መደቡ ላይ አጋደመችው፣ አጥሚት በማንኪያ አጎረሰችው። እጇን ግን አልለቀቀም።

«ወገኔ» አለ፣ «ቆመህ ጠበቅኸኝ?»

እታለማሁ ማንኪያውን አስቀመጠች። ስሟን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ብትነግረው ተመልሶ እዚያ ጥግ ቢገባስ?

«ቆሜ ነበር» አለችው።

«ወንድሜ።»

ሲነጋጋ አረፈ።

ልቅሶው ላይ ሸጋ ጠጋ ብላ፣ «ምን ብሎሽ ሄደ?» አለቻት።

«ለእኔስ ምንም» አለች እታለማሁ።