ስድስት ቁልፍ በአንድ ሰሌዳ

ቃለ ጉባኤው ላይ ደንቡ የሚጀምርበት ቀን ተጽፏል፤ የሚያበቃበት ቀን ግን የለም። ይህን ያየሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ጽሑፉ ደግሞ የራሴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩና የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ የግቢያችን ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገውኝ ነበር። አንቀጽ አራት «ይህ ደንብ ጊዜው እስኪረጋጋ ድረስ ይጸናል» ይላል። ጊዜው መረጋጋቱን ማን እንደሚናገር አይልም። በቀን ሠላሳ መጥፎ ነገር የምጠብቅ ሴት ነኝ፤ ይህን አንዱን ሳልጠብቅ አሳለፍኩት።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ 1974 መጨረሻ ላይ ነው። በአንዲት እሁድ ናይሮቢ ውስጥ ወታደሮች መንግሥት ሊገለብጡ ሞክረው ከሸፈባቸው። ከተማው ተዘረፈ፣ ሰዓት እላፊም ታወጀ። እኛ ኪሌሌሽዋ ውስጥ በአንድ ሕንጻ የምንኖር ስድስት የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ነን፤ ስድስታችንም ከቀበሌ የሸሸን። የእኔ ባለቤት ለስብሰባ ተጠርቶ ሄዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ልጄን መሠረትን ይዤ የወጣሁት ስብሰባ የማይጠራበት አገር ፍለጋ ነበር። ዘረፋው በተሰማ በሦስተኛው ቀን ግን ስብሰባ የጠራሁት እኔ ነኝ።

«ሌባ ቢገባብንስ?» አልኩ። የግቢው በር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ተወሰነ።

«እንግዳ መስሎ ቢገባስ?» አልኩ። የሚገባ የሚወጣ ሁሉ ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ተወሰነ።

«አንዳችን ታመን ከውስጥ ብንወድቅስ?» አልኩ። የየቤቱ ትርፍ ቁልፍ ሊቀመንበሩ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ሲያስፈልግም ባለቤቱን ሳይጠብቅ እንዲከፍት ተወሰነ። «ሲያስፈልግ» የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ቃል መስሎኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ አቶ መኳንንት የአንድ እርዳታ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። በቀበሌ እስር ቤት ስምንት ወር ተቀምጠዋል፤ ስለዚያ ጊዜ ግን አያወሩም። ትሑት ሰው ናቸው፤ ደረጃ ላይ ሲያገኙን ኮፍያቸውን አንስተው ግድግዳ ተጠግተው ያሳልፉናል። በገዛ እጃቸው ሰሌዳ ልገው፣ ስድስት ምስማር መትተው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት። የራሳቸውንም ቁልፍ አልደበቁም፣ ከእኛው ጋር አንጠለጠሉት። የየቤቱን ስምና ቁጥር በካርቶን ጽፌ ቁልፎቹ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ኬንያ ሰዓት እላፊዋን አነሳች። ሱቆች እስከ ማታ መክፈት ጀመሩ፣ ማታቱ የሚሉት ታክሲም እንደ ልቡ ይሮጥ ጀመር። የእኛ ግቢ ግን አላነሳም።

አንድ ቀን አቶ መኳንንት የጎረቤቴን የዘኪያን በር ከፍተው ገቡ። ዘኪያ ኢስሊ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ስትመለስ ሳሎኗ መሐል ቆመው አገኘቻቸው።

«ጋዝ ሸተተኝና ነው» አሏት።

«ጋዝ የለኝም፤ በከሰል ነው የማበስለው።»

«እንግዲያው የሸተተኝ ከሰሉ ነው» አሉና ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

መሠረት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የራሷ ቁልፍ የላትም። እኔ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት እስከ ማታ ስለምሠራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁልፍ የምትወስደው ከአቶ መኳንንት ነው። እሳቸውም «መሠረት፣ 10፡20፣ ዘገየች» ብለው ይመዘግባሉ።

«ማሚ፣ ሰውዬው እንደተቀጣ ተማሪ ዲተንሽን ላይ ያስቀመጠኝ ይመስላል!» ትላለች።

«ተመስገን በይ። እኔ ባልኖር እንኳ የት እንደደረስሽ የሚጽፍ ሰው አለ» እላታለሁ። ከልቤ ነበር የምላት።

በጥር ወር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ታናሽ ወንድሜ ታመነ መጣ። አርሲ አስተማሪ ነበር። ለዘመቻ ሲጠራ የዘኪያ ወንድም በሞያሌ በኩል በጭነት መኪናው አሻገረው። ዘኪያ የጨርቅ ጥቅል አሸክማ ከኋላዋ አስገባችው። በሩ ላይ ያለው የግቢው ዘበኛ በስዋሂሊ «ተሸካሚ፣ አንድ» ብሎ መግቢያ ሰዓቱን ጻፈ። የመውጫ ሰዓቱ ቦታ ባዶ ቀረ።

ወንድሜ ወረቀት የለውም። የስደተኞች ጽሕፈት ቤት የቀጠረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ስሙ የትም መጻፍ የለበትም። መዝገቡ ግን ሌሊት የሚያድረው አቶ መኳንንት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እሁድ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚሠራ አንድ የአገራቸው ልጅ ካርታ ሊጫወት ይመጣል። ሰውዬው ክፉ ነው አልልም። ክፉ መሆን አለመሆኑን እስካውቅ ግን መጠበቅ አልችልም።

ያን ምሽት ታመነን ዕቃ ቤት አስገብቼ፣ እንግዳን የማያስመዘግብ ቀዳዳ ባገኝ ብዬ ቃለ ጉባኤውን አወጣሁ። አንቀጽ አራትን በደንብ ያነበብኩት ያኔ ነው።

ታመነ ከትከሻዬ በላይ ያነባል። «እታለም» አለኝ፣ «ከቀበሌ አምልጬ ድንበር ተሻገርኩ፤ እዚህ ደግሞ ያንቺው ቀበሌ ጠበቀኝ።»

«ቀስ በል፣ ድምፅህ ይሰማል!»

«እዚያም እንደዚሁ ነበር የምንባባለው።»

ጉሮሮውን የመንገድ አቧራ ይዞታል። ሳሉ ሲመጣበት ፊቱን ትራስ ውስጥ ይቀብራል። እኔ ደግሞ ሳሉን ለመሸፈን ድስት አንኳኳለሁ። ይህን ያህል ድስት ለሁለት ሰው ምን ያደርግላታል ይሉኝ ይሆን እያልኩ ደግሞ እጨነቃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። አቶ መኳንንት ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ወይዘሮ ሠርክ፣ አይደንግጡ።»

እኔ የምደነግጠው እንዲህ ሲሉኝ ነው።

«ሐሙስ የገባ አንድ ተሸካሚ አልወጣም። ነገ ስምንት ሰዓት ተሰብስበን፣ ከስብሰባው በኋላ ቁልፎቹን ይዘን ቤት ለቤት እናያለን። በተለይ ለእርስዎ አስቤ ነው፤ ሴት ልጅ ይዘው ብቻዎን።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ምን ልበል? ደንቡ የኔ ነው።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ የስድስቱም ቤት ሰዎች ሰሌዳው ሥር ተቀመጥን። ካርታ ተጫዋቹ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ።

«አንቀጽ አራት ጊዜው እስኪረጋጋ ይላል። ጊዜው ተረጋግቷል፤ ስለዚህ ደንቡ አብቅቷል።»

«መረጋጋቱን ማን ተናገረ?» አሉ አቶ መኳንንት።

«የኬንያ መንግሥት ተናግሯል። ሰዓት እላፊውን አንስቷል።»

«የኬንያ መንግሥት የኮሚቴያችን አባል አይደለም።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አድርገው ቃለ ጉባኤውን አነበቡ። «‹በጥንቃቄ ብዛት የሞተ የለም።› ይህን ያሉት ወይዘሮ ሠርክ ናቸው። ገጽ ሁለት ላይም ‹ንጹሕ ሰው ቤቱ ቢከፈት ምን ይፈራል?› ይላል። ይህም የወይዘሮ ሠርክ ነው።»

የራሴን ንግግር ቃል በቃል ጽፌው ነበር። ያን ጊዜ ኮርቼበት ነበር።

የአየር መንገድ ጥገና ሠራተኛው አቶ ይገዙ «ራሷ ተከለችው፣ ራሷ ትንቀለው፤ እኛ ምን ቤት ነን?» አለ። «ፈትሸን እንገላገል በቃ!»

ተቀመጥኩ። ዓይኔን የማሳርፍበት ባጣ ሰሌዳውን አየሁ። ስድስት ቁልፍ ተሰልፏል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስምና ቁጥር በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ተንጠልጥሏል። ያኔ ፍርሃት መጣብኝ። ለታመነ ብዬ ያመጣሁት አይደለም፤ የዘወትሩ የራሴ ፍርሃት ነው።

«አቶ መኳንንት» አልኩ፣ «የእርስዎ ቤት ቢዘረፍስ?»

ዞር ብለው የሳሎናቸውን በር አዩ።

«ዱሮ ሌባ ስድስታችንን ለመዝረፍ ስድስት በር መስበር ነበረበት። አሁን ያንን አንድ በር ከሰበረ ይበቃዋል። የትኛው ቁልፍ የማን እንደሆነ ለማወቅ እንኳ አይቸገርም፤ እኔ ጽፌለታለሁ።»

አቶ ይገዙ ቀና ብሎ ቁልፉን አየ።

«መዝገቡ ደግሞ ማን ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ማን ብቻዋን እንደምታድር ይናገራል። የልጄ ከትምህርት ቤት መመለሻ ሰዓት አለበት። ሌባው ጠረጴዛው ላይ ሻይ እየጠጣ ሊያነበው ይችላል!»

«እኔ ጨዋ ሰው ነኝ፣ ወይዘሮ ሠርክ።»

«ጨዋ ነዎት! ጨዋ ባይሆኑማ መቼ እንሰጥዎት ነበር? ግን ሥራ ቢቀይሩስ? ይህን ቤት ሌላ ሰው ቢከራየውስ? ሌላ ሊቀመንበር ቢመረጥስ? ቁልፉን የሰጠነው ለእርስዎ መስሎን ነው፤ የሰጠነው ግን ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣውም ነው። እሱን አናውቀውም። እርስዎን እዚያ ስምንት ወር ያሰረዎት ሰው ዓይነት ቢሆንስ?»

ስለዚያ ስምንት ወር ፊት ለፊት የተናገራቸው አልነበረም። መነጽራቸውን አወለቁ።

ዘኪያ ተነሣች። «ሠርኬ፣ ይበቃል፣ አንቀጠቀጥሽን እኮ!» እያለች ሰሌዳው ጋ ሄዳ ቁልፏን ነቀለች። «ቤቴ ከሰል ቢሸት ራሴው አሸተዋለሁ።»

አቶ ይገዙ ተከተላት። «የሠርክ ነገር፣ ዛሬ እንቅልፍ አልወስድ ሊለኝ ነው» እያለ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሌሎቹም ተነሡ። እኔ አፌ ከተከፈተ አይዘጋም፤ «ቤቱ በእሳት ቢያያዝስ? ቁልፎቹን እንደያዙ ቢወድቁስ?» እያልኩ ስቀጥል ሰሌዳው ላይ የቀሩት የኔና የእሳቸው ሁለት ቁልፎች ብቻ ነበሩ። የኔን ወሰድኩ።

በፍርሃት የሰጠነውን በፍርሃት ወሰድነው። ስለ ነጻነት ግን አንዲት ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ የሚጠብቀን ማን ነው?» አሉ አቶ መኳንንት ባዶ ምስማሮቹን እያዩ።

«እርስዎ የእርስዎን በር፣ እኔም የኔን» አለች ዘኪያ። «ስጮህ ይድረሱልኝ። ያን ጊዜ በሩን ራሴ እከፍትልዎታለሁ።»

ሰው ሲበተን እሳቸው ደረጃው ላይ ደረሱብኝ። መዝገቡን በብብታቸው ይዘዋል።

«ተሸካሚውስ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የትኛው ተሸካሚ?»

መዝገቡን ከብብታቸው አወጡ። «እኔ ሰው ላስይዝ ብዬ አልነበረም፣ ወይዘሮ ሠርክ።»

«አውቃለሁ። እኔም አልነበረም።»

መዝገቡን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገለጡ፣ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ፣ ከሐሙሱ ተሸካሚ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ «12፡10፣ ወጥቷል» ብለው ጻፉ። ባዶ ቦታ ትተው መሄድ አልቻሉም። ከዚያም ካርታ ተጫዋቻቸው ሳይደርስ መዝገቡን ቁም ሣጥን ውስጥ ሊያስገቡ ሄዱ።

ሲመሽ ታመነ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠና የሦስት ቀን ሳሉን ሳለ። ድስት አላንኳኳሁም። መሠረት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ቁልፍ በጣቷ ታዞረዋለች።

«ማሚ፣ ይሄ እንግዲህ የኔ ነው፣ ሳዋ፣ እሺ?»

«የምን ያንቺ? ብትጥይውስ? ጓደኞችሽ ቢወስዱብሽስ? ከትምህርት ቤት ቀጥታ ባትመጪስ? መጥተሽ በሩን ዘግተሽ ብትወድቂስ? ሌላ ሰው ይዘሽ…»

«አጎቴ፣ ፕሊስ ንገራት!»

ታመነ እንባ እስኪያወጣው እየሳለ ይስቃል። «እታለም፣ በዚህች ልጅ ላይ ያለው ደንብሽስ የሚያበቃው መቼ ነው? ወይስ ጊዜው እስኪረጋጋ ነው?»

መልስ ነበረኝ፤ ብዙ መልስ። ሃያ የሚሆን መጥፎ ነገር በተራው ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር፤ ከሃያው ቢያንስ አንዱ አይቀርም። የካርቶኑን ስም ከቁልፉ ፈትቼ ቀደድኩትና ቁልፉን ሰጠኋት።

«እንግዲያው ዝጊው» አልኳት።

ወደ በሩ ሄደች። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዞረው። የኛ በር ሁለት ጊዜ ካልዞረ አይቆለፍም። ልነሣ ብዬ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጥኩ። ታመነ ያየኛል። አልተነሣሁም።

ከዚያ ሁለተኛው ዞረ።